ለልብስ አጣቢዋ የከፈልኩትን «ችሮታ» ላሉት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የግል ሠራተኞች ወጪ ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ በተዘጋው ቢሮ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጥያቄው ለወግ ያህል የቀረበ እንዳይመስልዎ። በርዎ ላይ የተለጠፈው «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት አምስት ሳምንት ሙሉ ሳይነሣ ቆይቶ ጠርዙ ወደ ቢጫነት ሲለወጥ በዓይኔ ስላየሁ፣ አምስት ሳምንት ያለማቋረጥ የተሰበሰበ ሰው ወገቡ እንዴት ይሆናል ብዬ ከልቤ ተጨንቄ ነው። ቤተሰብዎም በያለበት ደኅና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ እርስዎን ፍለጋ ደረጃውን ዐሥራ አራት ጊዜ ወጥቼ በመውረዴ ጉልበቴ ጥቂት ከማጉረምረሙ በቀር፣ ተመስገን፣ ደኅና ነኝ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በመደበኛው መንገድ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ፣ ሦስቱም «ተያይዟል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸውና እርስ በርሳቸው ተያይዘው ስለ ተመለሱልኝ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው። ጉዳዩም አጭር ነው። የንግድ ፈቃዴ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። እርስዎ ደግሞ ለአንዲት ልብስ አጣቢ የከፈልኩት ገንዘብ የሥራ ወጪ ሳይሆን ችሮታ መሆኑን በፊርማዬ ካላረጋገጥኩ በቀር ፈቃዱ አይታደስም ብለዋል። አልፈርምም። ለምን እንደማልፈርም ግን ለእርስዎ ያለኝን ክብር ሳላጓድል በዝርዝር ላስረዳ።

እኔ በግሌ የምሠራ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ሱቅ የለኝም፣ ሠራተኛ የለኝም፣ መኪና የለኝም፤ ያለኝ አንድ የመሣሪያ ሳጥንና አንድ ስልክ ነው። ሥራዬ ከሰው ቤት ገብቶ፣ ማሽኑን ከግድግዳ ስቦ፣ በደረት ተኝቶ የማላውቀውን ሰው ካልሲ ከፓምፕ ውስጥ ማውጣት ነው። ይህን የምዘረዝረው እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ በውሳኔዎ ላይ ሙያዬ «የማማከር አገልግሎት» ተብሎ ተመዝግቦ ስላየሁ ነው። እስካሁን ያማከርኩት ካልሲ የለም።

እንደ እኔ ያለውን ሰው ከሥራ ጋር የሚያገናኘው ማስታወቂያ አይደለም፤ አፍ ነው። የእኔ አፍ እትዬ ናቸው። እትዬ ሠላሳ ዓመት ከቤት ቤት እየዞሩ በእጃቸው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ሲሆኑ፣ ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው መሥሪያ ቤትዎ ሰውን በስሙ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርገው ስላየሁ ነው። እነዚያ ቤቶች ዛሬ ሁሉም ማሽን ገዝተዋል። ማሽን ግን ይበላሻል፤ ሲበላሽም የቤቱ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እኔን አይደለም። የልጆቹ ዩኒፎርም ለነገ አልታጠበም፣ አንሶላው ተከምሯል፣ ስለዚህ «እትዬን ጥሯቸው» ይባላል፤ እትዬም ሳፋቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ማሽን በተበላሸ ቁጥር ገበያቸው ይደራል፣ ማሽን በተጠገነ ቁጥር ሳፋቸው ይደፋል ማለት ነው። እንግዲህ እኒህ ሴት ከሳፋው ቀና ብለው «ይህንን ማሽን የሚያበጅ ልጅ አውቃለሁ» ሲሉ በገዛ ጉሮሯቸው ላይ እንደሚፈርዱ፣ ከእርስዎ በቀር የማይገባው ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ታዲያ ለምን ይናገራሉ ቢሉ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የጤና ጣቢያዋ ነርስ የእጃቸውን ቆዳ አይታ፣ ከውኃና ከበረኪና ካልራቁ ጣቶቻቸው እንደማይድኑ ስለ ነገረቻቸው ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ተገናኝተን ተስማማን። እትዬ የተበላሸ ማሽን ባለበት ቤት ሲጠሩ አስቸኳዩን ልብስ ብቻ አጥበው፣ የቀረውን ትተው፣ እኔን ይጠቁማሉ፤ እኔም ከጥገናው ዋጋ ከዐሥር አንድ እጁን እሰጣቸዋለሁ። ለሚያጡት እጥበት ካሳ፣ ለሚያመጡልኝ ሥራ ዋጋ መሆኑ ነው። ሌላውን ቀን ልብስ ይተኩሳሉ፤ ካውያ ቢያደክምም ቆዳ አይልጥም። ውል አልጻፍንም፣ ምስክር አልጠራንም፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተካካድንም።

የእኔ ጥፋት ይህንን በዓመታዊ የወጪ ዝርዝሬ ላይ እንዳለ መጻፌ ነው። «ሥራ ላመጣልኝ ሰው የተከፈለ» ብዬ ጻፍኩ። ጎረቤቴ ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሞኝ! ቤንዚን ብለህ አትጽፈውም?» አለኝ። እሱ ሥራ ለሚያመጡለት ደላሎች የሚከፍለውን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ቤንዚን ይለዋል፤ የተጣለ ደረሰኝ ከማደያ ይለቅማል፤ እናንተም ያለ አንዳች ጥያቄ ትቀበሉታላችሁ። ኤሌክትሪሺያኑ የሚሄደው በእግሩ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በተራ ቁጥር የማቀርበው፣ ተራ ቁጥር የሌለው ወረቀት በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይነበብ ስለ ተነገረኝ ነው። ያለውም እንደማይነበብ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

1ኛ፦ ቸር ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። የውሳኔዎ ሁለተኛ አንቀጽ «ክፍያው ለችግረኛ ግለሰብ በበጎ ፈቃድ የተደረገ ችሮታ እንጂ ገቢ ለማግኘት የወጣ ወጪ ሆኖ አልተገኘም» ይላል። ባለቤቴ ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብባ «ይሄ ቸር ሰውዬ ማነው? እባክህ አስተዋውቀኝ» አለችኝ። እኔ፣ ክቡር ሆይ፣ በዘመድ አዝማድ ዘንድ የምታወቀው በቋጣሪነቴ ነው፤ የዛገ ብሎን እንኳ አልጥልም። ለእትዬ የምከፍለው ስላዘንኩላቸው ሳይሆን፣ ያለ እሳቸው ስልኬ ስለማይጮህ ነው። ከእርስዎ ቢሮ ትይዩ ባለው መስኮት ደግሞ፣ ማሽን የሚሸጠው ትልቁ ድርጅት ለደላሎቹ የከፈለው ኮሚሽን በሙሉ ከገቢው እንደ ተቀነሰለት የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ወረፋ ላይ ቆሞ አጫወተኝ። የእሱ ደላሎች ከረባት ያስራሉ፣ እትዬ ሽርጥ ያሸርጣሉ፤ ሌላ ልዩነት ፈልጌ አጣሁ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ተረት ለምን እስካሁን እንዳልሞተ ያን ቀን ገባኝ።

2ኛ፦ ስለ ደረሰኙም አመሰግናለሁ። ሰባተኛው መስኮት ላይ ያሉት ወጣት ሹም፣ ባለጉዳይ ሁሉ «ባለ ስቴፕለሩ» የሚላቸው፣ ፈገግታ ከፊታቸው አይጠፋም፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ። እሳቸውም የተቀባይዋን ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካመጣሁ ችሮታው በአንድ አፍታ ወጪ እንደሚሆን አበሠሩኝ። ለካ ገንዘብ ወጣ የሚባለው ከኪስ በወጣበት ሰዓት ሳይሆን ወረቀት ላይ በታተመበት ሰዓት ኖሯል። በዚህ አቆጣጠር፣ እኔ የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ስለሆነ፣ ሠላሳውን ዓመት የኖረው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ዕድሜዬን ስለ ቀነሱልኝ ባለቤቴም ታመሰግናለች። ባለ ስቴፕለሩ ወረቀቶቼን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ «ሴትዮዋን ያስመዝግቧቸውና ይገላገሉ» አሉኝ።

3ኛ፦ እንዳሉኝ እትዬን ይዤ ማክሰኞ ጧት መጣሁ። የሚተኩሱበት ቀን ነበር፤ ቀሩ። ለመሥሪያ ቤትዎ ክብር ሲሉ ለሠርግ ብቻ የሚያወጡትን ጫማ ተጫምተው ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል ወረፋ በኋላ አሻራ ማንሻው ፊት ቀረቡ። ማሽኑ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አልተቀበለም፤ የግራውንም አልተቀበለም። ዐሥሩንም ጣት አንድ በአንድ አስደገፉ፣ ዐሥር ጊዜም ቀይ መብራት በራ። ሠላሳ ዓመት ደረቅ ሳሙናና በረኪና የላሰው ጣት መስመር የለውም፣ ክቡር ሆይ፤ እንደ መስተዋት ልሙጥ ነው። አሻራ የምታነሣው ልጅ ክፋት የላትም፤ መመሪያዋን ተከትላ «እማማ፣ እጅዎን በደንብ ታጥበው ይምጡ» አለቻቸው።

ሠላሳ ዓመት የሰው እድፍ ሲያስለቅቁ ለኖሩት ሴት እጅዎን ይታጠቡ የተባለበትን ያንን ክፍል እስክሞት አልረሳውም። እትዬ ግን ወርደው፣ ምድር ቤት ካለው ቧንቧ ታጥበው፣ በሻሻቸው ጫፍ አድርቀው ተመለሱ። አሁንም ቀይ መብራት። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ብታጠብ የሚቀረኝ አጥንቴ ነው» አሉኝ። ስክሪኑ «ግለሰቡ አልተገኘም» ይል ነበር፤ ግለሰቡ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ በሠርግ ጫማ ቆመዋል። ባለ ስቴፕለሩ «ሲስተሙ አልተቀበላቸውም፤ ምን ይደረጋል» ብለው ማመልከቻውን ውድቅ ከሆኑት ጋር አያያዙት። ስለዚህ አሻራ ስለሌላቸው መለያ ቁጥር የላቸውም፣ መለያ ቁጥር ስለሌላቸው ደረሰኝ የላቸውም፣ ደረሰኝ ስለሌላቸው ገንዘቡ አልተከፈላቸውም፣ ካልተከፈላቸው ደግሞ እኔ ጋ አለ፤ እኔ ጋ ካለም ግብር አለበት። ይህን የመሰለ ሰንሰለት አንድም ቀለበት ሳይላላ ለመሥራት ስንት የተማረ ሰው እንደ ደከመበት አላውቅም፤ እጅ ነሥቻለሁ።

4ኛ፦ ማሽን ካልመሰከረልኝ ሰው ይመስክርልኝ ብዬ ደንበኞቼን በየቤታቸው እየዞርኩ ለመንኩ። ዐሥራ አንድ ቤት ጻፈልኝ። ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ሞሉ፤ አንዲት አራስ በአንድ እጇ ሕፃኗን ታቅፋ በሌላው ፈረመች፤ የሕንፃው ጥበቃ ማንም ሳይጠይቀው «እኔም አይቻለሁ» ብሎ ከሥር ጨመረ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ማሽናችን ሲበላሽ ጠጋኙን ያመጡልን እትዬ ናቸው። መልስዎ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰኝ። ደንበኞቼ ከእኔ ጋር የጥቅም ግንኙነት ስላላቸው ምስክርነታቸው ተቀባይነት የለውም አሉ። ከእኔ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው ሰው ደግሞ ማሽኑን ነክቼለት ስለማላውቅ የሚመሰክረው ነገር የለውም። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የአስተማሪው ደብዳቤ ብቻ ኅዳግ አልተወም በሚል በተለየ ምክንያት ወድቋል፤ ይህን ለአዛውንቱ ለመንገር እስካሁን አልደፈርኩም።

5ኛ፦ ለሁለት ሰዓት ተኩል ወረፋ አንድ ወንበር ስለ መደቡልን አመሰግናለሁ። ሦስቱ እግሩ ደኅና ነው።

6ኛ፦ ስለ ምክርዎ። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ሲመለስ ኅዳጉ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ክፍያው ችግር ከፈጠረ ክፍያውን ማቋረጥ ይቻላል» ተብሎበት ነበር፤ ፊርማው የእርስዎ ነው። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው።

አቋረጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ አቋረጥኩ። ፋይሌ ይጥራ ብዬ፣ ፈቃዴን ፈርቼ፣ ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ እያልኩ ለራሴ ምክንያት ደርድሬ። እትዬን ያው ደረጃ ሥር አግኝቼ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ከላይ ካዘዙህ ምን ታደርጋለህ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የተጎዱት እሳቸው፣ የሚያጽናኑትም እሳቸው ሆኑ። ከዚያ ስልኬ ጸጥ አለ። የሰፈሩ ማሽን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጨዋ የሆነ መስሎኝ ነበር፤ ሰው ማሰብ ካልፈለገ የማይመስለው ነገር የለም።

ባለፈው ወር መገባደጃ ላይ አንዲት የጥርስ ሐኪም ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ የውኃ ማስወጫ ቱቦ ልቀይር ተጠራሁ። አሮጌውን ቱቦ ላፈስ ወደ ኋላው በረንዳ ብወጣ፣ ከታች ግቢው ውስጥ እትዬን ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ሁለት ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ውኃው ክርናቸው ጋ ደርሷል። የሚያጥቡት የሁለተኛውን ፎቅ አንሶላ ነበር። ያንን ቤት አውቀዋለሁ፣ ማሽናቸውን ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ። ወርጄ ብጠይቅ ከበሮው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ማሽኑ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ለምን እንዳልነገሩኝ እትዬን ስጠይቃቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ብታበጀው አንተ ትበላለህ፤ እኔስ ልጄ፣ የማንን እበላለሁ?» አሉኝ። ከጨርቁ ሥር ያለው አንደኛው ጣት እንደማይተርፍ ነርሷ ነግራቸዋለች።

አፈርኩ። በእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ የጻፉት ወረቀት ነው፣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሳጥኔን ታቅፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ስለ እርስዎ ያለኝ አስተያየት የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ያልገባዎ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን ግን እንዲገባዎ የሚያስገድድዎ ነገር የሌለ ሰው እንደሆኑ አውቄያለሁ። በዚያው ከሰዓት ኩሽኔታውን ቀየርኩና ከዐሥር አንዱን ከሁለቱ ወር ካሳ ጋር ለእትዬ ሰጠኋቸው። በታመመ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጥረው ተቀበሉኝ። ችሮታ የሚቀበል ሰው አይቆጥርም፣ ክቡር ሆይ።

እንግዲህ ያልበላሁትን እንደ በላሁ ቆጥረው የጣሉብኝን ግብር ነገ መጥቼ እከፍላለሁ፤ ለዚህም ከሚስቴ ወንድም ተበድሬያለሁ፣ እሱም ቸርነቴን ሰምቶ ሲስቅብኝ ሰንብቷል። «ችሮታ ነበር» የሚለው ወረቀት ላይ ግን አልፈርምም። ገንዘብ ቢወስዱብኝ ሠርቼ እተካዋለሁ፤ ያንን ወረቀት ከፈረምኩ ግን እትዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ለማኝ ነበሩ ብዬ መሰከርኩ ማለት ነው። ፈቃዴን ካላደሱልኝም ያለ ፈቃድ እሠራለሁ። ማሽኖቹ እንደሆነ የሚበላሹት ፈቃድ ጠይቀው አይደለም።

ከመቀመጫዎ ሳይነሡ የሰው ጣት ለማስቆረጥ በመቻልዎ ችሎታዎን የማደንቅ፣ ሁለት ወር ስለ ታዘዝኩዎ ዕድሜ ልኬን የማፍር፣ ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅና ወገብዎም እንዲበረታ ዘወትር የምመኝ፣

በግሉ የሚሠራ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ሕጋዊ የሆነ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለባለ ስቴፕለሩ፣ እንዲያያይዙት።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከበርዎ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ መስተዋት ውስጥ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ግብር የሚሰውር ወይም ያለ ፈቃድ የሚነግድ ሰው ለሚጠቁም፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ከአምስት አንድ እጁ ወረታ ይከፈለዋል፤ የጠቋሚው ማንነት አይጠየቅም» ይላል። ይህ እኮ፣ ክቡር ሆይ፣ ሥራ ላመጣላችሁ ሰው የምትከፍሉት ዋጋ ነው፤ ያውም ከእኔ እጥፍ፣ ያውም ያለ ስምና ያለ ደረሰኝ። ችሮታም አላላችሁትም። ደስ ብሎኝ ሮጬ ለእትዬ ነገርኳቸው፤ ፈቃዴ ባለቀ ማግስት መጥተው ይጠቁሙኝና ያጡትን ከእናንተ እጥፍ አድርገው ይውሰዱ ብዬ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ «እኔ ሰው የማገናኘው እንዲሠራ ነው እንጂ እንዲከሰስ አይደለም» ብለው ወደ ካውያቸው ተመለሱ። ስለዚህ ወረታውን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ፤ የሚበቃ ሰው ፍለጋ ከመሥሪያ ቤትዎ መውጣት እንደማያስፈልግዎ አውቃለሁ።